የማዘጋጃ ቤቱ አጀንዳ የማን ጉዳይ ነው?



ስለ አገራችን መሪዎች እንጸልያለን፤ እንድንጸልይም ታዘናል። ነገር ግን በጸሎት ሰዓት «ስለ መሪዎቻችን» ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ የሚመጡት ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ ሚኒስትሮቹ፣ ቢበዛ የክልላችን ርዕሰ መስተዳድር ናቸው። ከእሑድ አምልኮ በኋላ በአጥቢያው ግቢ ቆመን የምንጨዋወተውም ስለ ትልልቁ ፖለቲካ ነው። አዲስ አበባ ላይ ምን እንደ ተወሰነ፣ ማን እንደ ተሾመ፣ ማን እንደ ወረደ አሳምረን እናውቃለን።

እስቲ አሁን ሦስት ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የምትኖሩበት ከተማ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ማን ይባላሉ? ምክር ቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰበሰበው መቼ ነው? በዚያ ስብሰባ የከተማችሁን በጀት ለምን ለምን ደለደለው? መልሱን የምታውቁ ካላችሁ ጌታ ይባርካችሁ፤ ከጥቂቶቹ ናችሁ። እኔ ይህን ጥያቄ ለራሴ ባቀረብሁ ጊዜ አንዱንም በትክክል መመለስ አልቻልሁም።

ይሁን እንጂ በክረምት ጎርፍ ግቢያችን የሚገባው የሰፈሩ ቦይ በበጋ ሳይጠረግ ስለ ቀረ ነው። እናቶች ሌሊት ተነሥተው የቦኖ ውኃ ወረፋ የሚይዙት፣ ልጆቻችን በጨለማ መንገድ የሚመጡት፣ የሞተ ወገናችንን የምንቀብርበት ቦታ የምንጨነቀው በአብዛኛው እዚሁ አጠገባችን ባለው አዳራሽ በሚወሰን ወይም ሳይወሰን በሚቀር ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ በአዳራሹ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ችግሩ የት ላይ እንዳለ፣ እኛ አማኞችም በዚህ ነገር ምን ያህል ተጠያቂዎች እንደሆንን አብረን እንመለከታለን።

በአዳራሹ ውስጥ ምን ይደረጋል?

የአነስተኛ ከተማ ምክር ቤት በየቀኑ የሚከፈት መሥሪያ ቤት አይደለም። በዓመት የሚሰበሰበው ጥቂት ጊዜ ሲሆን፣ አባላቱ በአብዛኛው ሌላ መደበኛ ሥራ ያላቸው መምህራን፣ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ነጋዴዎችና አርሶ አደሮች ናቸው። በስብሰባዎቹ መካከል የከተማውን ሥራ የሚያካሂደው በከንቲባው የሚመራው ካቢኔ ነው። ምክር ቤቱ በአፈ ጉባኤውና በቋሚ ኮሚቴዎቹ አማካይነት ይህንን ሥራ እንዲቆጣጠር ተደርጎ ተዋቅሯል። ጽዳት፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ ቄራ፣ የመንገድ መብራት፣ የቀብር ቦታ የመሳሰሉት ማዘጋጃ ቤታዊ አገልግሎቶች ደግሞ በሥራ አስኪያጁ ሥር ይመራሉ።

በስብሰባው ቀን ወደ አዳራሹ ብትገቡ የምታዩት ነገር ከከተማ ከተማ ብዙም አይለያይም። ፊት ለፊት የጉባኤው ቁጥር የተጻፈበት ባነር ተሰቅሏል፤ መድረኩ ላይ የታሸገ ውኃ ተደርድሯል። አጀንዳው ይነበባል፦ ያለፈውን ጉባኤ ቃለ ጉባኤ መርምሮ ማጽደቅ፣ የአስተዳደሩን የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ማዳመጥ፣ የፍርድ ቤቱን ሪፖርት ማዳመጥ፣ ዕቅድና በጀት ማጽደቅ፣ ልዩ ልዩ ሹመቶችን መስጠት። ሪፖርቱ ረጅም ነው፤ በፐርሰንት የተሞላም ነው። ከዚያ የተወሰኑ አባላት እየተነሡ ስለ ውኃ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ሕገ ወጥ ግንባታ፣ ሥራ ስላጡ ወጣቶች ይጠይቃሉ። የየጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች «ችግሩ አለ፤ እየሠራንበት ነው» ብለው ይመልሳሉ። መጨረሻ ላይ እጅ ይወጣል። በማግሥቱ የምንሰማው ዜናም «ምክር ቤቱ በጀቱን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ» የሚል ነው።

«በሙሉ ድምፅ» የሚለውን ቃል ልብ በሉት። ሁሉም ሰነዱን መርምሮ ከልቡ ተስማምቶ ከሆነ እሰየው ነው። ነገር ግን የበጀት ሰነዱ በስብሰባው ጠዋት ከታደለ አባሉ ሳያነበው እጁን ማውጣቱ የማይቀር ነው። የሚቆጣጠረውና ቁጥጥር የሚደረግበት ሰው የአንድ ድርጅት አባላት ሲሆኑ፣ በአዳራሹም ከነዋሪው የመጣ ታዛቢ ሳይኖር ሲቀር፣ ጠንከር ያለ ጥያቄ የሚያነሣ አባል «ምን ነካው?» ይባላል። እንዲህ እየሆነ የሚቀጥል ስብሰባ ሥነ ሥርዓቱ ሳይጓደል ሥራው ይጓደላል። በቃለ ጉባኤው ላይ ሁሉም ነገር ተሟልቷል፤ በሰፈሩ ግን ቦዩ እንደ ተደፈነ ነው።

ከበጀቱ ጀርባ ያለው ጥያቄ

የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ስለዚህ በሰኔና በሐምሌ ያሉት ሳምንታት ለአንድ ከተማ ወሳኝ ናቸው። የከተማው ገንዘብ በጥቅሉ ከሁለት ምንጭ ይመጣል። አንደኛው ክልሉ በቀመር አስልቶ የሚያከፋፍለው የድጎማ በጀት ነው። ሁለተኛው ከተማው ራሱ የሚሰበስበው ነው፦ ግብር፣ የቦታ ኪራይ፣ የሊዝ ክፍያ፣ የቄራ፣ የገበያ ቦታና የመሳሰሉት አገልግሎቶች ክፍያ። የድጎማው ትልቅ ድርሻ ለደመወዝ ይውላል፤ መምህሩና ነርሷ ይከፈሉበታል። ቦይ የሚጠረግበት፣ ኮብልስቶን የሚነጠፍበት፣ ቆሻሻ የሚነሣበት ገንዘብ ግን በዋነኛነት ከከተማው ከራሱ ገቢ መውጣት አለበት።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። የመጀመሪያው እኛን በቀጥታ ይነካል። በወንጌል አማኝ ነጋዴ ሱቅ ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ዕቃ፣ «ዝቅ አድርገህ ጻፍልኝ» ተብሎ የሚፈረም የቤት ሽያጭ ውል፣ ሳይከፈል የሚከርም የቦታ ኪራይ የሚቀንሰው ከዚሁ ከሰፈራችን መንገድና ቦይ ነው። እሑድ ስለ ከተማችን በእንባ ጸልየን ሰኞ የከተማዋን ድርሻ ብናስቀር ጸሎታችንን ራሳችን እናፈርሰዋለን።

ሁለተኛው የቅድሚያ ጉዳይ ነው። ገንዘቡ ጥቂት ሲሆን የቱ ይቅደም? በ2016 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞችም መዛመቱን ሁላችንም አይተናል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና አረንጓዴ ቦታ ማንም አይጠላም። ነገር ግን ዋናው አስፋልት ዳር ሲያምር የውስጥ ሰፈሩ ቦይ ለሚቀጥለው ዓመት ከተላለፈ፣ ይህ ምርጫ ነው፤ ምርጫ ከሆነ ደግሞ በነዋሪው ፊት ተመዝኖ ሊወሰን ይገባዋል። ለመንገዱ ሲባል ቤቱ፣ ሱቁ ወይም አጥሩ የሚነሣበት ሰውም መብት አለው። በ2011 ዓ.ም የወጣውና ከዚያ በኋላ የተሻሻለው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ቦታ ሲለቀቅ ማስታወቂያ እንዲሰጥ፣ ካሳ እንዲከፈል፣ አቤቱታና ይግባኝ የሚሰማ አካል እንዲኖር ይደነግጋል። ካሳው በበጀት ካልተያዘ ግን የሕጉ ቃል በወረቀት ይቀራል። በጀቱን የሚያጸድቀው ማን ነው? ያ ማንም ታዛቢ የማይገባበት ጉባኤ!

ነዋሪው ሲሳተፍ ነገሩ እንደሚለወጥ የሚያሳይ ምሳሌም በአገራችን አለ። በዓለም ባንክ ድጋፍ በ2010 ዓ.ም የተጀመረው የከተማ ተቋማትና መሠረተ ልማት ፕሮግራም 117 ከተሞችን ያቀፈ ነበር። ከተሞቹ ገንዘቡን የሚያገኙት በሥራቸው ውጤት እየተመዘኑ ነበር፤ ሒሳባቸውን ማስመርመርና በዕቅዳቸው ላይ ነዋሪውን ማወያየትም ከሚመዘኑባቸው ነገሮች መካከል ነበሩ። በየከተማው «የነዋሪዎች የውይይት መድረክ» ተብሎ የተጠራንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስንቶቻችን ሄድን? ስንቶቻችንስ «የካድሬ ስብሰባ ነው» ብለን ቀረን?

ወንበሩ ላይ የተቀመጡት መቼ ተመረጡ?

ይህ ልማድ ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ ታሪኩ ረጅም ነው። በ1937 ዓ.ም በወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ዘመን በከተማ ምክር ቤት ድምፅ የነበረው በዋነኛነት ንብረት ያለው ሰው ነበር። በ1967 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ ቀበሌ መጣ። ቀበሌ በአንድ በኩል ለድሃው ቅርብ አስተዳደር ሆነ፤ በሌላ በኩል በደርግ ዘመን ስሙ ሲጠራ ሰው የሚሸሸው ቦታ ሆነ። የቤተ ክርስቲያኖቻችን በር በታሸገበትና በየቤቱ ተደብቀን በምንሰበሰብበት ዘመን የቀበሌ ሊቀ መንበር ማለት ምን ማለት እንደነበር ታላላቆቻችን ይነግሩናል። ዛሬም ብዙዎቻችን ከቀበሌና ከማዘጋጃ ቤት ራቅ ብለን መኖር የምንወድደው ይህ ፍርሃት ከውስጣችን ስላልወጣ ይመስለኛል።

በ1987 ዓ.ም የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ ይችል ዘንድ ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይላል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ እንዲያነሣው ይፈቅዳል። ከ1994 ዓ.ም ጀምሮም የበጀትና የአስተዳደር ሥልጣን ወደ ወረዳ ወረደ። ሕጉ መልካም ነው።

ምርጫውስ? በ2000 ዓ.ም በተደረገው የአካባቢ ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ100 ወደ 300 ከፍ ብሎ፣ በአገሪቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ መቀመጫ ለውድድር ቀረበ። ዋና ዋና ተቃዋሚዎች ከውድድሩ ስለ ወጡ መቀመጫው ከሞላ ጎደል በሙሉ በወቅቱ ገዢ ድርጅት ተያዘ። በ2005 ዓ.ም የተደረገውም ከዚህ የተለየ አልነበረም። በ2010 ዓ.ም መደረግ የነበረበት የአካባቢ ምርጫ ተላለፈ፤ በ2011 ዓ.ም እንደገና ተላለፈ። በ2013 ዓ.ም ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ሲካሄድ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ምክር ቤቶች ተካተቱ፤ የሌሎቹ ወረዳዎችና ከተሞች ምክር ቤቶች ግን አልተካተቱም። የአባላቱ ዘመን 5 ዓመት ቢሆንም፣ በ2005 ዓ.ም የተወለደ ሕፃን ፊደል ቆጥሮ፣ አድጎ፣ ክፍል እስኪቀያይር ድረስ ሰፈሩ የራሱን ተወካይ በድምፁ ሳይለውጥ ቆየ። በሞትም ሆነ በዝውውር የተጓደለው ሲሟላም ነዋሪው ብዙ ጊዜ አላወቀም።

ይህን የምጽፈው በወንበሩ ላይ ያሉትን ሰዎች ለማንቋሸሽ አይደለም። ከእነርሱ መካከል ውሎ አበል እንኳ በቅጡ ሳያገኙ ለሰፈራቸው ውኃ ሲሟገቱ የኖሩ አሉ። ነገር ግን ተወካይ በድምፅ የማይጠየቅበት ጊዜ ሲረዝም ጥያቄው በሌላ መንገድ መቅረብ አለበት፦ በመገኘት፣ በመጠየቅ፣ በመጻፍ። እኛ ይህን አድርገናል ወይ?

«የእኛ ሰው አለ ወይ?»

እውነቱን እንነጋገር። እኛ አማኞች ወደ ማዘጋጃ ቤት የምንሄደው መቼ ነው? የቤተ ክርስቲያን ቦታ ስንፈልግ፣ የግንባታ ፈቃድ ሲዘገይብን፣ ከጎረቤት ጋር በወሰን ስንጋጭ፣ ወይም የቀብር ቦታ ሲያስጨንቀን ነው። ይህ ኃጢአት አይደለም። በ2004 ዓ.ም የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለሃይማኖት ተቋማት የአምልኮ ቦታ በጨረታ ሳይሆን በምደባ እንዲሰጥ መንገድ ከፍቷል። የወንጌል አማኞች የመቃብር ቦታ ጥያቄም በብዙ አካባቢ ለዓመታት ሲንከባለል የኖረ፣ ብዙ ቤተሰብን በሐዘኑ ላይ ሌላ ሐዘን የጨመረ እውነተኛ ችግር ነው። በ2012 ዓ.ም የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ማግኘቱ በአገር ደረጃ ትልቅ እርምጃ ነበር። የአንድ አጥቢያ ቦታ ጉዳይ የሚጀምረውና የሚጓተተው ግን እዚያው ከተማ ውስጥ ነው።

ችግሩ የምንሄድበት መንገድ ላይ ነው። ማመልከቻ ከመጻፋችን በፊት የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «እዚያ የእኛ ሰው አለ ወይ?» የሚል ነው። ወንጌል አማኙ በበዛበት ከተማ መልሱ «አለ» ነው። ከንቲባው ከአንዱ አጥቢያ ነው፤ የመሬት ልማት ኃላፊው የመዘምራን መሪ ነበር፤ የቋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ የሽማግሌው ልጅ ነው። እንግዲህ ሽማግሌዎች ማታ ቤቱ ይሄዳሉ። ቡና ይፈላል፤ ይጸለያል፤ ከዚያም «ጌታ ለእንዲህ ያለ ጊዜ ነው ያስቀመጠህ» ይባላል። ወንድማችን በሁለት እሳት መካከል ይገባል። እምቢ ቢል «ዓለም ወሰደው» ልንለው ነው። እሺ ቢል ተራ የሚጠብቀው ሌላው አመልካች ፋይል ከሥር ይወርዳል፤ የእኛ ከላይ ይወጣል። በጉቦ አልተሠራም፤ አንዲት ብር አልተቀያየረችም። ቢሆንም ፍርድ ተጣሟል።

አሁን ደግሞ ወንጌል አማኙ ጥቂት ወደ ሆነበት ከተማ እንሂድ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ «የእኛ ሰው» የለም። የቦታ ማመልከቻችን መዝገብ ቤት ገብቶ ዓመት ይቀመጣል። «ነገ ኑ» ይባላል። የመቃብር ቦታ ሲጠየቅ «ኅብረተሰቡ አልተስማማም» ይባላል። እኛም አምርረን እንጮኻለን፦ «ሕግ የለም ወይ? ሁሉም ዜጋ በእኩል ዓይን መታየት የለበትም ወይ?» ልክ ነን! ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቶ አንዱ በሌላው ጣልቃ እንዳይገባ ይላል፤ ባለሥልጣኑ የራሱን ወገን ሳያይ ሊያገለግለን ይገባዋል።

ነገር ግን ወገኖቼ፣ በበዛንበት ከተማ ያጠመምነው ሥርዓት ባነስንበት ከተማ ቀጥ ብሎ አይቆምልንም። «የእኛ ሰው» በሚል የሚሠራ ማዘጋጃ ቤት በሁሉም ቦታ የብዙኃኑ ማዘጋጃ ቤት ይሆናል። ዛሬ በአንዱ ከተማ የተጠቀምንበት መንገድ ነገ በሌላው ከተማ ወንድሞቻችንን የሚያንገላታ መንገድ ነው። አሰልቺ የሚመስለን የምክር ቤት ሥርዓት፣ ተራ ቁጥሩ፣ ቃለ ጉባኤው፣ ማኅተሙ፣ በጽሑፍ የሚሰጠው መልስ፣ ወገን የሌለውን ሰው የሚጠብቅ አጥር ነው። ሁልጊዜ ብዙ አይደለንምና አጥሩን ልንጠብቀው ይገባናል።

የኤፌሶኑ ጸሐፊና የቆሮንቶሱ መጋቢ

መጽሐፍ ቅዱሳችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19ን አስታውሱ። ብር ሠሪው ድሜጥሮስ ገበያው ስለ ቀዘቀዘበት ሕዝቡን አነሣሣ። ከተማው ታወከ፤ የጳውሎስን ባልንጀሮች ጋይዮስንና አርስጥሮኮስን ወደ ቲያትር ስፍራ ነጠቁአቸው፤ ሕዝቡም ለሁለት ሰዓት ያህል ጮኸ። የሚበዙት ስለምን እንደ ተሰበሰቡ እንኳ አያውቁም ነበር። ያን ቀን ወንድሞችን ማን አዳናቸው? መልአክ አልወረደም፤ ወኅኒ አልተናወጠም። የከተማው ጸሐፊ ተነሥቶ ሕዝቡን ጸጥ አሰኘ። ክስ ያለው ወደ ችሎት ይሂድ፤ ሌላ ጉዳይ ያለው በሕጋዊው ጉባኤ ያቅርብ፤ አለዚያ በሁከት ልንከሰስ እንችላለን አላቸው፤ ጉባኤውንም አሰናበተ። ይህ ሰው ክርስቲያን እንደ ነበር አልተጻፈም። ሥራውን የሚያውቅ የማዘጋጃ ቤት ሰው ነበር። እግዚአብሔር ልጆቹን በተራ የከተማ ሥነ ሥርዓት ሲጠብቅ እዚህ እናያለን።

ሁለተኛው ሰው ኤርስጦስ ነው። ሐዋርያው በሮሜ 16፥23 ሰላምታ ከሚያቀርቡት መካከል ሲጠራው የከተማው መጋቢ ይለዋል፤ የከተማውን ገንዘብ የሚይዝ ሹም ማለት ነው። በ1929 እ.ኤ.አ በቆሮንቶስ በተደረገ ቁፋሮ ኤርስጦስ የሚባል ሹም ስለ ሹመቱ በገዛ ገንዘቡ ድንጋይ እንዳስነጠፈ የሚናገር ጽሑፍ ተገኝቷል። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ሊቃውንት ይከራከሩበታል፤ እኛም አንወስንም። ነገር ግን የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን በከተማ ገንዘብ ቤት የሚሠራ ወንድም እንደ ነበራት ሮሜ 16 ይነግረናል፤ ጳውሎስም ሥራውን ሳይሸሽግ ከስሙ ጋር ጠቅሶታል።

ነቢዩ ኤርምያስም ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በላከው ደብዳቤ (ምዕራፍ 29) ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ለተማረኩባት ከተማ ሰላም እንዲሹና እንዲጸልዩ ነገራቸው። የራሳቸው ሰዎች ባላስተዳደሩአት ከተማ እንዲህ ከታዘዙ፣ እኛ በተወለድንባት ከተማ ምን ያህል ይጠበቅብን ይሆን?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እንወቅ። በጀት ሲጸድቅ ለየትኛው ዘርፍ ስንት እንደ ተመደበ ጠይቁ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በጀትን ለነዋሪው በሚገባ መልኩ በሰሌዳ ላይ መለጠፍ በብዙ ወረዳ ሲሠራበት የቆየ ነው፤ ሰሌዳው ባዶ ከሆነ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለማንኛውም ዜጋ ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ለመጠየቅ ባለሥልጣን መሆን አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ እንገኝ። የውይይት መድረክ ሲጠራ ከአጥቢያው ቢያንስ ሁለት ሰው ይሂድ፤ አንድ ወጣት፣ አንዲት እናት። እናቶች የውኃውን ወረፋ ከማንም ይልቅ ያውቁታልና የውኃ ቦርዱ ስለ ታሪፍ ሲያወያይ ድምፃቸው ሊሰማ ይገባል። የሰፈሩን ችግር ሲናገሩም ስለ ሰፈሩ ሁሉ ይናገሩ፤ ቦይ ሲደፈን ጎርፉ የኦርቶዶክሱን፣ የሙስሊሙንና የእኛን ቤት ለይቶ አይገባም።

ሦስተኛ፣ በቀን በበሩ እንግባ። የአጥቢያው ጥያቄ በጽሑፍ ይሁን፤ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይውጣለት፤ መልሱም በጽሑፍ ይጠየቅ። ማታ ወደ ሹሙ ቤት የሚደረገው ጉዞ ይቅር። የመቃብር ቦታን የመሰለ የጋራ ችግር ሲሆን ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጋር በአንድነት ማመልከት፣ ከሌላ እምነት ጎረቤቶችና ከሰፈሩ ዕድሮች ጋር አስቀድሞ መነጋገር ብዙ ጠብ ያስቀራል።

አራተኛ፣ በምክር ቤት ያሉ ወንድሞችንና እኅቶችን በትክክለኛው ጥያቄ እንደግፋቸው። «ለቤተ ክርስቲያን ምን አደረግህ?» ከማለት «የበጀት ሰነዱን አነበብህ ወይ? የኦዲት ሪፖርቱ ምን ይላል? ያልገባህን ጠየቅህ ወይ?» እንበላቸው። ብቻውን እጁን ያላወጣ አማኝ ካለ ደግሞ ሳይገለል እንዲኖር ከጎኑ እንቁም። ለምርጫ ጊዜ ሲመጣም መዝሙር ስለሚያውቅ ብቻ ሳይሆን ሥራ ስለሚያውቅና ስለሚታመን ሰውን እንምረጥ።

አምስተኛ፣ በስማቸው እንጸልይላቸው። አፈ ጉባኤውን፣ ከንቲባዋን፣ ሥራ አስኪያጁን፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን በስም ጠርተን የምንጸልይበት አንድ ረቡዕ ይኑረን። በስም የምንጸልይለትን ሰው በሐሜት ማፍረስ ይከብደናል፤ ሲያጠፋም በፍቅር ልንጠይቀው ድፍረት እናገኛለን።

ውድ አንባቢዎች፣ የከተማችሁ ምክር ቤት የሚሰበሰብበት ቀን ሲደርስ ባነሩ ይሰቀላል፤ አጀንዳው ይነበባል፤ እጅ ይወጣል። ይህ ሁሉ እኛ ብንኖርም ባንኖርም ይደረጋል። በቀጣዩ ክረምት ጎርፉ በማን ግቢ እንደሚያልፍ፣ የወረፋው ውኃ ለማን እንደሚደርስ፣ ወገን የሌለው አመልካች ፋይል ከላይ ይሁን ከሥር የሚወሰነው ግን እዚያ ነው። በሩ አጠገባችን ነውና በቀን እንግባበት።